ከባህር ዳር ዋሽንግተን ስንት ሰአት ነው? ጠይቁኝ

ባህር ዳር ትኬት ቢሮ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ዛሬ ቤት ነኝ ስለ አሜሪካ በረራ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጉድ ነው የመጣው 😅 እስቲ እንጀምር።

ከፍኖተ ሰላም፦ ኪሎ ሜትሩ ስንት ነው?
መልስ፦ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ቀጥታው 11,500 ገደማ። አውሮፕላኑ በሰአት 900 አካባቢ ይሄዳል፣ አካፍለው ወደ 13 ሰአት ይመጣልሃል። ባህር ዳር አዲስ በአየር 330 ገደማ ነው፣ በመኪና ግን የአባይን በረሃ ወርደህ ወጥተህ ቀኑን ሙሉ።

ከደጀን፦ ካርታ ላይ ሳየው ተጣሞ ነው ሚሄደው፣ አባይ ጎጃምን እንደሚዞረው ነገር ነው?
መልስ፦ 😂 አይ አባይስ የእውነት ይዞራል። ኳስ ላይ ክር ወጥረህ እየው፣ አጭሩ መንገድ በሊቢያ አድርጎ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በአውሮፓ ጫፍ ነው ሚያልፈው፣ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ስትዘረጋው ነው የተጣመመ ሚመስለው።

ከደብረ ማርቆስ፦ እህቴ ስትሄድ 17 ሰአት ፈጀባት ስትመለስ ግን 13 እንኳን አልሞላም፣ ለምን?
መልስ፦ ሁለት ነገር ነው። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅም ሙሉ ሰውም ይዞ መነሳት ይከብደዋል፣ ስለዚህ ሲሄድ መሀል ላይ አርፎ ይቀዳል (ሮምም ደብሊንም የነበረበት ጊዜ አለ)። የዋሽንግተኑ ኤርፖርት 100 ሜትር እንኳን ስለማይሞላ ከዛ ሲነሳ ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። ሌላው ንፋሱ ነው፣ ላይ ከምእራብ ወደ ምስራቅ ነው ሚነፍሰው፣ ስትሄድ ፊት ለፊት ስትመለስ ከኋላ።

ከዳንግላ፦ ትኬቴ 22:30 ይነሳል 8:00 ይደርሳል ይላል፣ ዘጠኝ ሰአት ተኩል ብቻ ነው ማለት ነው?
መልስ፦ ኧረ አይደለም እህቴ! ሁለቱም በየአገሩ ሰአት ነው የተጻፈው። 22:30 በኛ ማታ 4:30 ነው፣ 8:00 ደግሞ የዋሽንግተን ጠዋት፣ ያኔ እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰአት ሆኗል፣ ስለዚህ 17 ሰአት ተኩል ነው። ይሄ በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ሰአት ሲሆን ነው፣ በበጋቸው 7 ነው። ከሁሉ የባሰው ግን እኩለ ሌሊት ያለፈ ትኬት ነው፣ ማክሰኞ 00:20 ከተባለ ሰኞ ማታ ኤርፖርት መሆን አለብሽ፣ በኛ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 6:20 ማለት ነው። አንድ አባት ማክሰኞ ማታ ሻንጣቸውን አሸክመው መጡ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው፣ እስካሁን ፊታቸው አይጠፋኝም።

ከቡሬ፦ ለልጄ ማርና ቋንጣ በእጄ ይዤ ልግባ?
መልስ፦ እማማ፣ ማር እንደ ፈሳሽ ነው ሚቆጠረው በእጅ ከ100 ሚሊ በላይ አያሳልፉዎትም፣ በደንብ አሽገው ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት። ቋንጣውን ግን እዚሁ ይብሉት፣ አሜሪካ ስጋ ከኛ አገር አያስገቡም።