ጓሮዬ ሲሚንቶ ነው፣ ዶሮዎቼን ልሽጣቸው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጓሮዬ ሦስት በአራት ሜትር ቢሆን ነው፣ እሱም ሙሉ ሲሚንቶ። ከአምስቱ የእንቁላል ዶሮዎቼ አንዷ ታነክሳለች፣ ሌሎቹ ላባ ይነቃቀላሉ። አፈር ስለሌለ ይሆን? ልሽጣቸው?

መልስ፦ ኧረ አትሽጫቸው እህቴ! ቦታው ለአምስት ይበቃል። መጀመሪያ የምታነክሰዋን ያዢና የእግሯን መዳፍ ገልብጠሽ እዪው። መሃሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው እብጠት ካለ፣ ከቆጥ በዘለለች ቁጥር ሲሚንቶው እየመታት ቆስላ ቁስሉ መርቅዟል ማለት ነው። በምላጭ እንዳትነኪው፣ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ቆጡን ዝቅ አድርጊና ከሥሩ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ወፈር አድርገሽ አንጥፊ። ሲረጥብ ቶሎ ቀይሪው፤ ከእርጥብ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ይጎዳል፣ በክረምት ደግሞ ይብሳል።

ላባውን በተመለከተ፣ ዶሮ ገላዋን የምትታጠበው በአፈር ነው። በሰፊ ሳፋ ደረቅ አፈር፣ አሸዋና ትንሽ የተነፋ አመድ ደባልቀሽ አስቀምጪላቸው። አንዷ ገብታ በጎኗ ትጋደምና ክንፏን ዘርግታ አቧራውን ላባዋ ውስጥ ትነሰንሰዋለች፤ ቅማልን የምትከላከለው እንደዚያ ነው። ጎመንም በገመድ አንጠልጥዪላቸው፣ ሥራ የፈታች ዶሮ ጓደኛዋን ነው የምትነቅለው። ደቃቅ ጠጠርም አትርሺ፣ እህሉን የሚፈጩት በእሱ ነው።

በሚያዝያ ፀሐይ ሲሚንቶው ምጣድ ስለሚሆን በደንገል ወይም በጆንያ ጥላ ሥሪላቸው። የፈንግል ክትባት ካልወሰዱ ግን ነገ ዛሬ ሳትዪ አስከትቢያቸው፣ እሱ ከገባ አምስቱንም ሊጨርስብሽ ይችላል።