አንባቢ ይጠይቃል፦ የደንገጎ ዝንጀሮ ሚስቱን ለምን ነከሳት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሐረር ስንወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ለዝንጀሮዎች ሙዝ ወረወርንላቸው። ባለጎፈሩ ትልቁ ወንድ አንዷን ሴት ሮጦ ሄዶ አንገቷን ነከሳት። ትንሿ ልጄ እስከ ሐረር አለቀሰች። ምን አድርጋው ነው? ሙዝ መስጠታችንስ ጥፋት ነበር?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽን አይዞሽ በያት። ንክሻው «ወደዚህ ተመለሺ» ማለት ነው። አባወራው የራሱ ሴቶች አሉት። አንዷ ራቅ ስትል መጀመሪያ ያፈጥባታል። ካልገባት አንገቷን ይይዛታል። ብዙ ጊዜ አያቆስላትም። እሷም አትሸሽም፣ እየጮኸች ትከተለዋለች። ሙዙን ስትከተል ከሌላ ወንድ አጠገብ ደርሳ ይሆናል።

ብዙ ሰው ጭላዳ ይላቸዋል፤ አይደሉም። ጭላዳ ደገኛ ነው፣ ሣር ይግጣል፣ ደረቱ ላይ ቀይ አለው። የእኛዎቹ ሐማድራያስ ይባላሉ። ደረቅ ቆላ ይወዳሉ፤ ከቀይ ባሕር ማዶ የመንና ሳዑዲም አሉ። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» የሚለው ተረት ለእነሱ እውነት ነው፦ ማደሪያ ገደል ከሌለ ኑሮ የለም። ቀን በየቤተሰባቸው ተበትነው ይውሉና ማታ አንድ ገደል ላይ በመቶ ሆነው ያድራሉ።

ይህን ጠባያቸውን ሀንስ ኩመር የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ያጠናው የት መሰለሽ? እዚሁ ኤረር ጎታ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.። እኛ ኤረርን በፍል ውሃዋ ብቻ እናውቃታለን። የድሬ ልጆች ይህን ትምህርት ቤት ውስጥ ቢሰሙት ምን ነበረበት!

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ውሃ አጠጣጣቸው ነው። በበጋ ኩሬው አረንጓዴ ሲለብስ ከዳር ያለውን አሸዋ በእጃቸው ይጭራሉ። ጉድጓዷ ቀስ ብላ ውሃ ታቁራለች። ከዚያ ጎንበስ ብለው የተጣራውን ይጠጣሉ።

ሙዙን በተመለከተ፣ እባክሽ ሁለተኛ አትስጧቸው። መኪና ምግብ ነው ብለው ከለመዱ አስፋልት ላይ ይውላሉ። ቁልቁል የሚወርድ አይሱዙ ደግሞ ጥምዝ ላይ በድንገት አይቆምም። ግልገል ያዘለችዋ እናት ናት የምታሳዝነኝ፤ ጉልበተኛው ቀድሞ ስለሚወስድባት ፍርፋሪ ፍለጋ መሐል መንገድ ትገባለች። ልጆቹ ማየት ካማራቸው ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ያዙ፣ መስኮት ዝጉ፣ እንደልባቸው ይዩ። ሙዙን ራሳቸው ይብሉት፤ ልጣጩንም በመስኮት አትጣሉ።