መልስ፦ ደሴ ለምትመጣው በጎ ፈቃደኛ መምህርት ምን እንንገራት?

እህቴ፣ ከውጭ መጥታ እናንተ ጋር እያደረች እንግሊዝኛ ለምታስተምረው ልጅ ምን ቀድማችሁ እንደምትነግሯት ጠይቀሻል። ከሁሉ በፊት ሰዓቱን። «ነገ 2 ሰዓት ግቢ» ስትሏት እሷ የምትረዳው የእኛን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ክፍሉ ጠዋት ያለ መምህር ይቀራል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ስለሆነ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳዋን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉላት።

«ገባችሁ?» ስትል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ!» ይላል። ይሉኝታ ነው፣ አትመነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ታጽፋቸውና ደብተራቸውን ትይ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» የሚል ተማሪም የደነገጠ ይመስላታል።

አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ሹራብ ታምጣ፣ መጀመሪያ ሰሞን ዳገቱ ያስለከልካታል። ቤታችሁ የሚጾም ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ወተትና እንቁላል እንደሌለ ትወቅ። «በሞቴ ብይ!» የሚለውንም ተርጉሙላት፣ አለዚያ ትደነግጣለች።