ስለ ክበቡ ለጠየቅሽው፦ ርዕስ የሌለው ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ

እህቴ፣ ኮተቤ ዳር ያለው የድሮ የሠራተኞች ክበብ ፈርሶ አፓርታማና የገበያ ማዕከል ሊሠራበት ነው፣ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል፣ ስብሰባ ተጠርተናል፣ ምን ይዘን እንግባ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የምኖረው አቃቂ በኩል ነው። እኛ ጋም ሜዳና አዳራሽ ያለው የፋብሪካ ክበብ ነበር፣ እሱም ፈርሶ ሕንፃ ሊሠራበት ተብሎ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። የእናንተም ጉዳይ ከእኛው አይለይም፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

1. «አይፈርስም!» ብላችሁ አትግቡ። መሬቱ የመንግሥትና የህዝብ ነው፣ ይዞታው ደግሞ የክበቡ። የካሳ ህጉ በዋናነት የሚያወራው ከይዞታው ስለሚነሳ ሰው ነው። የእኛ ሽማግሌዎች በካሳ ጀመሩና «እናንተን ማን አነሳችሁ?» ተባሉ። ወሬው እዚያው ቆመ። ጎረቤት የሚደመጠው በፕላን፣ በጎርፍ፣ በመንገድና በአካባቢ ጥበቃ በኩል ነው።

2. ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተያዘ አጣሩ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 አዲስ አበባ ውስጥ ለባህልና ለስፖርት የሚሰጥ መሬት ዘመኑ እስከ 90 ዓመት ነው፣ የንግድ ግን እስከ 60። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሜዳ የነበረው ገበያ የሚሆነው የአገልግሎት ለውጥ ተጠይቆ ሲፈቀድ ነው። የፕላን ስምምነት (ቦታው ላይ ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚፈቀድ የሚገልጸው ወረቀት) ሳይሰጥ ከደረሳችሁ ብዙ ነገር ይስተካከላል። ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ አልሚው «ስንት ብር አፍስሼበታለሁ» ይላል፣ የሚሰማችሁም አታገኙም።

3. ይቺን በደንብ ያዢልኝ። የእኛ ስብሰባ በር ላይ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ ቆማለች። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከላይ ርዕስ የለውም። «ለውሃና ለሻይ ማወራረጃ ነው» አለችን። ፈረምንና ገባን። ውስጥ ሰው ሁሉ የልቡን ተናገረ። ከሜዳው በታች የሚኖሩ አንዲት እናት ክረምት ሲገባ ውሃው አልጋቸው እግር ድረስ እንደሚደርስ በእጃቸው እየለኩ አሳዩ። ከመድረክ «ተመዝግቧል እማማ፣ ይቀመጡ» ተባሉ።

በኋላ ፋይሉን ስናይ ያ ወረቀት ርዕስ ተተይቦለታል፦ «ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ የደገፉ ነዋሪዎች ስም ዝርዝር»። ቃለ ጉባኤው አንድ ገጽ ነው። ጎርፍ የሚል ቃል የለበትም። የእኚያ እናት ፊርማ ግን ከፊት ረድፍ ነው። ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ስጠይቅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ፈርመህ የለም እንዴ? ታዲያ ምን ፈልገህ መጣህ?» አለኝ። ከልጅ እስከ አዋቂ ያመነውን ሰፈር እንዲህ ማድረግ ነውር ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ርዕሱን በእስክርቢቶ ራሳችሁ ጻፉበት፦ «የተገኙ ሰዎች መመዝገቢያ እንጂ የድጋፍ ፊርማ አይደለም»። በስልክ ፎቶ አንሱት። የራሳችሁን ጸሐፊም አስቀምጡ።

4. እድሩን ያዙ። እኛን ያዳነን እሱ ነው። የእድሩ ድስት፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚቀመጠው ከክበቡ አዳራሽ ጀርባ ስለነበር ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተው ነበር። በወርሃዊ ስብሰባው ሁሉም እንዲናገር ተደረገ። ወጣቶቹ «ሜዳው ሳሩ አልቋል፣ ክበቡ የመጠጥ ቤት ሆኗል፣ እኛ ሥራ እንፈልጋለን» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጡረተኞቹ እዚያ ተድረዋል፣ ልጆቻቸውን ድረዋል፣ ዛፎቹንም በእጃቸው ተክለዋል። እነሱም እውነታቸውን ነው። ሁሉን ስጋት እኩል አድርጋችሁ ብታቀርቡ ግን አንዱም አይሰማላችሁም። እኛ በሦስት ከፈልነው። አንዴ ከሄደ የማይመለስ፦ ሜዳውና የውሃው መሄጃ። በሌላ ሊተካ የሚችል፦ አዳራሹና የእድሩ ዕቃ ቤት። ችለነው የሚያልፍ፦ የግንባታው አቧራና ጩኸት። የተሟገትነው በመጀመሪያው ላይ ነው።

የእኛ አፈር መረሬ ነው፣ ቶሎ ውሃ አያሰርግም። ክረምት ውሃውን አቁሮ የሚያቆየው ሜዳው ነበር። ሲሚንቶ ሲለብስ ያ ሁሉ ውሃ ወደ ማን ቤት ይሄዳል? ልጆቹ ዝናብ በጣለ ቁጥር በስልክ ቀረጹ፣ ውሃው የደረሰበትን ግድግዳ ላይ በከሰል አሰመሩ። ያንን ከእድሩ ቃለ ጉባኤ ጋር አያይዘን አስገባን። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሪፖርቱ ለህዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል፤ ደብዳቤው ላይ አዋጁን በቁጥሩ ጠቀስነው። መዝገብ ቤት ስታስገቡ የእናንተ ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ካልሰፈረ ንቅንቅ እንዳትሉ። «አልደረሰንም» የሚሉበት ቀን ይመጣል። እናንተ ደግሞ ዳገት ላይ ስለሆናችሁ ውሃው ሲወርድ ጉልበቱ ይብሳል፤ ከታች ያሉትን ቤቶች አሁኑኑ ቅረጹ።

ሕንፃው ተሠራ። ሜዳው ግን አለ፣ ጠበብ ብሎ ከኋላ። ትልቅ ቱቦም ተቀበረ። በዚህ የሰፈሬ ሰው እጅግ ያኮራኛል።

የቀረ ነገር አለ። ስምምነቱ «ሜዳው ለሰፈሩ ልጆች ክፍት ይሆናል» ይላል እንጂ ሰዓቱንም ክፍያውንም አይገልጽም። አሁን ዘበኛው ልጆቹን ብር ይጠይቃቸዋል፣ እኛም ገና እየተከራከርን ነው። እናንተ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በነፃ ወይስ በክፍያ፣ የበሩ ቁልፍስ ማን ጋ እንደሚሆን ቁጭ አድርጋችሁ አስጽፉ። የደብዳቤያችንን ቅጂ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።