መጀመሪያ ፊርማውን በእጅህ ሸፍነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስትንከባከባቸው የነበሩት አሜሪካዊ አዛውንት ሲያርፉ፣ ልጆቻቸው «አባታችን ከጦርነቱ ይዞት የመጣ ነው» ብለው የጃፓን ጎራዴ ሰጡህ። እጀታው ሥር ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ፊደል ያየ ሰው «የታዋቂው ጎራዴ ሠሪ የኮቴትሱ ፊርማ ነው» አለህ፣ አንተም እንቅልፍ አጣህ። እውነተኛ ነው ወይ? ስንትስ ያወጣል?

እኔ በዚሁ ስም ተበልቻለሁ። ስለዚህ ስማኝ።

ከሁሉ በፊት ዝገቱን እንዳትነካ። እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ፣ ጃፓኖች ናካጎ የሚሉት፣ ሆን ተብሎ አይወለወልም። የዝገቱ ቀለም የጎራዴው የልደት ካርድ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ከፈተግከው ማስረጃውንም ዋጋውንም አብረህ ፈተግክ ማለት ነው። እጀታውን የያዘችው አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት፤ በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርገህ ገፍተህ አውጣት። የላይኛውን ብረት በባዶ እጅ አትንካው፤ ላብ ዝገት ይጠራል።

ጭራው ሲወጣ መጀመሪያ ትንሽ የተመታች ማኅተም ፈልግ። ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት መኮንኖች በብዛት በተሠሩት ላይ ብዙ ጊዜ አትጠፋም። ካገኘሃት ነገሩ አለቀ። የወታደር ዕቃ ነው፣ የራሱ ፈላጊ አለው፣ ግን ኮቴትሱ አይደለም።

ኮቴትሱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የሠራ ሰው ነው። መጀመሪያ ጥሩር ሠሪ ነበር፤ ወደ ጎራዴ የዞረው 50 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ስሙ ስለገነነ አስመሳዩ ከመብዛቱ የተነሳ፣ ጃፓኖቹ ራሳቸው «ኮቴትሱ ካየህ ሐሰት ነው በል» ይላሉ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ሦስት ሺህ ዶላር የከፈልኩት። በኋላ የሰብሳቢዎች ዐውደ ርእይ ላይ ለአንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ አሳየሁት። «ፊርማው…» ብዬ ስጀምር እጁን አንስቶ ዝም አሰኘኝ። እጀታውን እንኳ አልፈታም። ብረቱን አምፖል ሥር ይዞ ቀስ እያለ እያዘነበለ አሥር ደቂቃ ያህል አየው።

ከዚያ ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ የተሠሩ ጎራዴዎች ጉብጠታቸው ትንሽ ነው፣ ቀጥ ሊሉ ምንም አይቀራቸውም። የኔ ጎበጥ ያለ ነው። ደግሞ የጋለው ብረት ውኃ ሲነከር ስለቱ ላይ የሚቀር ነጭ መስመር አለ፣ ሃሞን ይሉታል። በኮቴትሱ የኋለኛ ሥራዎች ላይ ይህ መስመር እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተደረደረ ነው። የኔ እንደ ክር ቀጥ ያለ።

አሁን እጀታውን ፈታው። ጭራው ላይ ሁለት የችንካር ቀዳዳ አለ። ይህ ብዙ ጊዜ ጎራዴው በአንድ ዘመን ከታች ተቆርጦ አጥሮ አዲስ ቀዳዳ እንደተበሳለት ያሳያል። ሲያጥር የድሮው ፊርማ ወይ ተቆርጦ ይሄዳል፣ ወይ ወደ ጭራው መጨረሻ ተገፍቶ ይቀራል። የኔው ፊርማ ግን አዲሱ ቀዳዳ ሥር ሙሉ ሆኖ ተሰይሟል! በማጉያ መነጽር ሲያሳየኝ የጭረቶቹ ጠርዝ ገና ይቧጭራል፤ ውስጣቸው ቀላ ያለ ዝገት፣ ዙሪያቸው ደግሞ ጠቁሮ እንደተቆላ ቡና። ለካስ አጠገቤ ሆኖ አላየሁትም ነበር።

የሚገርመው ግን ብረቱን አመሰገነው። ከኮቴትሱ በፊት የተሠራ፣ ያልታወቀ ጥሩ እጅ ነው አለኝ። አንዱ ነጋዴ ነው ስም የለጠፈበት። በሐሰት ፊርማ ምክንያት ብቻ ጎራዴን እንደ ቆሻሻ የሚያዩ ሰዎች ያናድዱኛል።

ስለ ዋጋ ከጠየቅከኝ፣ ፊርማው አጠራጣሪ ከሆነ እንደሌለ ቁጠረው። ቶኪዮ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ፊርማው ሐሰት ነው ብሎ ለፈረደበት ጎራዴ የምስክር ወረቀት አይሰጥም። አንዳንዱ ፊርማውን አስፍቆ «ፊርማ የለውም» ብሎ እንደገና ያቀርባል። እኔ አላስፋቅኩም፣ ከነውሸቱ ቤቴ አለ። አንተም በዓይኑ ያየ አዋቂ ሳይነግርህ እንዳታስነካው፤ የተፋቀ አይመለስም። ስለት በማሽን ለሚስል ሰው ደግሞ በጭራሽ እንዳትሰጠው።

አሁን የጭራውን ሁለቱንም ጎን ብርሃን ከጎን እያበራህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ሙሉውንም ብረት፣ ጉብጠቱ እንዲታይ። ቀዳዳውንም ቁጠር፣ አንድ ነው ሁለት?