ኩሬው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ሲመስል

«ኩሬያችን አረንጓዴ ሆነ። ሁለት ጊደሮች ጠዋት ጠጥተው እዚያው ዳር ወድቀው ሞቱ። ውሃው ላይ የሚጨመር መድኃኒት ይንገሩኝ» ብለዋል።

ደብዳቤዎ አጭር ቢሆንም «እዚያው ዳር» የምትለዋ ቃል ብዙ ትናገራለች። ዋናው ጥርጣሬዬ ሳያኖባክቴሪያ የሚባለው መርዛማ አልጌ ነው። አንዳንዱ መርዙ ነርቭ ስለሚመታ ከብቱ ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል። አባ ሰንጋም እንዲሁ ድንገት ይገድላልና የሞተውን አይግፈፉ፣ አይብሉትም፤ የእንስሳት ሐኪም ይይልዎት።

አረንጓዴውን በዱላ ያንሱት፣ በእጅ አይንኩት። እንደ ፀጉር ተንዠርግጎ ከወጣ ተራ አልጌ ሳይሆን አይቀርም። ዱላውን እንደ ቀለም ከቀባው ግን መርዛማው ሳይሆን አይቀርም። ይህ ጉድ በውስጡ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ስላሉት ይንሳፈፋል፤ ነፋስ ደግሞ ገፍቶ ከብት በሚጠጣበት ዳር ይከምረዋል።

መድኃኒቱን ይርሱት። አልጌው ሲሞት የያዘውን መርዝ በአንዴ ውሃው ውስጥ ይዘረግፈዋል። ማፍላትም አያጠፋውም። ለጊዜው ሌላ ውሃ ያጠጡ፤ አረንጓዴው ከጠፋ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል ይታገሱ።

አሁን ትንሽ ልቆጣዎት። ከብቱን ኩሬው ውስጥ አስገብቶ ማጠጣት በሄድኩበት ሁሉ የማየው ነገር ነው። ከብት ጠጥቶ ብቻ አይወጣም። እበቱንም እዚያው ይጥላል፤ እበት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ደግሞ የአልጌው ቀለብ ነው።

ስለዚህ ኩሬውን በእሾህ አጥር ይዝጉና ሁለት ሳምንቱ ሲያልፍ ውሃውን በጎማ ወደ ገንዳ ያውጡት። ገንዳው ከኩሬው ውሃ ዝቅ ካለ ፓምፕ አያስፈልግም። ጎማውን ውሃ ሞልተው ሁለቱንም አፍ ይድፈኑ፤ አንዱን ኩሬው ውስጥ፣ ሌላውን ገንዳው ውስጥ አድርገው ይልቀቁት፤ ራሱ ይወርዳል። በአፍዎ እንዳይስቡት ብቻ! ኩሬው ውስጥ ያለው አፍ ከላዩ አረንጓዴም ከታቹ ጭቃም መራቅ አለበት። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጄሪካን ከዳር ራቅ አድርገው ያንሳፍፉ፤ ጎማውን ከሥሩ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ያንጠልጥሉት። እንዳይንሳፈፍ አፉ አጠገብ ድንጋይ ይሰሩበት።

ገንዳው ዙሪያ የሚጠራቀመውን እበት ግን ዝናብ ሳይመጣ ወደ ማሳዎ ያውጡት። እዚያ አልጌ ሳይሆን ሰብል ይቀልባል።