በኮምቦልቻ ዋልካ ላይ የጋራ አትክልት ቦታን ስለማዘጋጀት

ጠያቂያችን በኮምቦልቻ ከሰፈርዎ ወጣቶች ጋር ለጎመን፣ ለካሮትና ለቲማቲም የሚሆን የጋራ ቦታ ማግኘታችሁን ገልጸው፣ አፈሩ ዋልካ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር በመሆኑ ምን ያህል ማዳበሪያ እንደሚያስፈልገው ጠይቀዋል። በደሴም በኮምቦልቻም በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ስሠራ ከቆየሁት ተነሥቼ የምመልሰው፣ ከማዳበሪያው በፊት የውኃው መውጫ ይታሰብበት በማለት ነው። ዋልካ ድሃ አፈር አይደለም፤ አትክልቱን የሚጎዳው በሐምሌና በነሐሴ ውኃ አቁሮ ሥሩን አየር ስለሚነሣው፣ በበጋ ደግሞ ሲሰነጠቅ ሥሩን ስለሚበጥሰው ነው።

ቁፋሮው አፈሩ ጭቃ ሳለም ሆነ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ መሆን የለበትም። ከአንድ ስንዝር ጥልቀት ጭብጥ አፈር አውጥተው በመዳፍዎ ያድቦልቡሉት፤ ሳይበጠስ እየቀጠነ ከሄደ ገና ነውና ይታገሡ፤ ቅርጽ ይዞ በጣት ሲነኩት ከተፈረፈረ ግን ጊዜው ደርሷል። ጭቃ ሳለ የተቆፈረ ዋልካ ዶማው የቆረጠበት ገጽ ያብለጨልጫል፤ ያ ጓል አንዴ ከደረቀ ለመፍረስ እጅግ ያስቸግራል። አንዳንዶች አሸዋ ቀላቅሉበት ይላሉ፤ እኔ ግን አልደግፈውም፤ ጥቂት አሸዋ ከሸክላማ አፈር ጋር ሲደባለቅ ይበልጥ ያጠነክረዋልና።

ከዚያ ወርዱ 1 ሜትር፣ ከፍታው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደብ ያውጡ፤ በመደቦቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ ትተው፣ ቦዮቹ ሁሉ ወደ አንድ ዋና መፋሰሻ እንዲወርዱ ያድርጉ። የጋራ ቦታ እንደመሆኑ መጠን ማንም ሰው መደቡን ሳይረግጥ ከሁለቱም ወገን መሐሉ ድረስ በእጁ መድረስ አለበት፤ የወርዱ ልክ የተወሰነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በደሴ በጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ለምትሠሩ ደግሞ፣ አፈሩ ስስና ድንጋያማ በሆነበት ስፍራ መደቡ ተዳፋቱን አግድሞ እንዲሠራ እመክራለሁ።

ማዳበሪያን በተመለከተ፣ በሚገባ የተብላላ ብስባሽ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በመደቡ ላይ አልብሰው እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያዋሕዱት። የከብት ፍግ፣ የጤፍ ጭድና እርጥብ ቅጠል በመደዳ ተነባብሮ በየጊዜው ከተገላበጠ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት በ3 ወር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በደሴ ግን ብርዱ ያዘገየዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይጨምሩበት፤ ቶሎ ካለመበስበሱም በላይ የዘርን ብቅለት ያውካል። ጥሬ ፍግ በተለይ ለካሮት መደብ ፈጽሞ አይሁን፤ ሥሩ ይከፋፈላል፣ ቅርጹም ይበላሻል። አመድም ጥቂት ብቻ ይበቃል።

ከመትከልዎ በፊት መደቡን አጠጥተው አረሙ እንዲበቅል ይተዉና በስሱ ይኮትኩቱት። ፓርቲኒየም የተባለው መጤ አረም ከታየ፣ በሺህ የሚቆጠር ዘር ከማራገፉ በፊት፣ ሳያብብ በጓንት ይነቀል፤ በባዶ እጅ መንካቱ ቆዳን ያሳክካል። ቦታው ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ከሆነ ደግሞ፣ የባትሪና የተቃጠለ ዘይት ቅሪት የታየበትን ክፍል ለምግብ አትክልት አያውሉት።

ጎመኑን በክረምቱ መግቢያ በመደቡ ላይ መትከል ይችላሉ። የቲማቲሙን መደብ ግን ከአሁኑ አዘጋጅተው ጭድ ያልብሱትና ዝናቡ በመስከረም ሲያባራ ይትከሉ፤ በከባዱ ዝናብ ወቅት ቅጠሉን የሚያደርቀው የሻጋታ በሽታ በቀላሉ ስለሚይዘው ነው።